ሮዋን አትኪንሰን (ሚስተር ቢን)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሚስተር ቢን» የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ የቴሌቪዥን ተመልካች በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል፤ «ሮዋን አትኪንሰን» ሲባል ግን ብዙ ሰው «እሱ ደግሞ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ስለዚህ እንግሊዛዊ ኮሜዲያን ሕይወትና ሥራ ከልጆችም ከወላጆችም ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የሚስተር ቢን ትክክለኛ ስሙ ማን ነው? የትስ ተወልዶ አደገ?

ሙሉ ስሙ ሮዋን ሰባስቲያን አትኪንሰን ይባላል። የተወለደው ጃንዋሪ 6 ቀን 1955 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1947 ዓ.ም. ስለሚውል፣ ሰውዬው አገሩ እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ የገና ዋዜማ ልጅ ይባል ነበር። የትውልድ ከተማው ኮንሴት በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም ግዛት የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያን ዘመን የምትታወቀው በብረት ማቅለጫ ፋብሪካዋ ነበር። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ እሱም ከወንድሞቹ ሁሉ የመጨረሻው ታናሽ ነው።

በልጅነቱ የተማረው የደርሃም ካቴድራል መዘምራን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቶኒ ብሌርም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ የሕግ ጉዳይ ላይ በተቃራኒ ወገን ስለሚገናኙ፣ ይህን ነገር አንባቢ ለኋላው ይያዝልን።

እውነት ኢንጂነር ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና አግኝቶ፣ በ1975 ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኩዊንስ ኮሌጅ ገባ። የመመረቂያ ጥናቱ ያተኮረው ራሳቸውን በራሳቸው በሚያስተካክሉ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቶች ላይ ነበር። ኦክስፎርድ ግን ከዲግሪው የበለጠ ነገር ሰጠችው። በተማሪዎች የቴአትር ማኅበራት ውስጥ ሲሳተፍ ከሁለት ወጣቶች ጋር ተዋወቀ፤ አንደኛው ሪቻርድ ከርቲስ የተባለው ደራሲ፣ ሁለተኛው ሃዋርድ ጉዳል የተባለው የሙዚቃ ሰው ነበሩ። ከርቲስ ጽሑፉን፣ ጉዳል ዜማውን፣ አትኪንሰን ፊቱንና አካሉን ይዘው የገቡበት ወዳጅነት እሱን ዝነኛ ያደረጉትን ሥራዎች አፈራ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። በእኔ እምነት ከንቱ አልቀረም። ሚስተር ቢንን በጥንቃቄ ያየ ሰው፣ ቀልዱ ሁሉ እንደ ማሽን የተገጣጠመ መሆኑን ያስተውላል። ቢን የቤቱን ግድግዳ ቀለም የሚቀባበትን ክፍል ያስታውሱ። በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ በሳህን ላይ ያለውን የወይን ፍሬ ሳይቀር አንድ በአንድ፣ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ከዚያም የቀለሙን ጣሳ መሀል ላይ አስቀምጦ፣ ትልቅ ርችት ከቶበት፣ ክሩን ለኩሶ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ባርኔጣውን ረስቶ የሄደ እንግዳ ተመልሶ ይገባል። ጣሳው ፈንድቶ ቢን ሲመለስ ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ግን ቀለም ያልነካው፣ ባርኔጣውን ለማንሣት እጁን የዘረጋ ሰው ቅርጽ ቀርቷል። አንዲት ቃል አልተነገረም። እያንዳንዱ ነገር ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ምክንያት እየሆነ በልክ ተሰድሯል፤ ይህን ያቀናበረው ጭንቅላት ደግሞ የመሐንዲስ ጭንቅላት ነው።

ይንተባተባል የሚባለውስ?

ይህም እውነት ነው፤ ራሱም ደብቆት አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል፤ በተለይም እንደ «በ» ያሉት ድምፆች ምላሱን ይይዙታል። ነገር ግን የሌላ ሰው ባሕርይ ለብሶ መድረክ ላይ ሲቆም መንተባተቡ እንደሚተወው ራሱ ተናግሯል። አስቸጋሪውን ድምፅ ለማለፍ ከንፈሩን አጥብቆ፣ ቃሉን ጨምቆ የማውጣት ልማድ ስላለው፣ ያ ልማድ ራሱ የቀልዱ መሣሪያ ሆነለት። «ብላክአደር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ «ቦብ» የሚለውን ተራ ስም፣ ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ፣ በሁለቱም «ብ» ላይ እየተጫነ ሲጠራው ተመልካች የሚስቀው በስሙ አይደለም፤ በአጠራሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በስፋት የሚነገር ስሕተት ላርም። «ስለሚንተባተብ ነው ዝምተኛውን ሚስተር ቢን የፈጠረው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም አትኪንሰን በአገሩ አስቀድሞ የተደነቀው በንግግር ነው። ብላክአደር አንደበቱ እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ስድብን እንደ ቅኔ የሚደረድር ሰው ነው። ይህን ሁሉ ቃል ያለ እንቅፋት የተናገረው ያው የሚንተባተበው ሰው ነው። ስለዚህ የቢን ዝምታ የአቅም ማነስ አይደለም፤ መናገርን ከማንም በላይ የሚችል፣ ነገር ግን ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው አስቦበት የመረጠው ነው። አንደበቱ የሚያዝበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጃችሁ ብትነግሩት ደስ ይለኛል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ተነሥቶ ማንበብ ሲታዘዝ የሚሳቅበት ልጅ የሚሰማውን ሕመም የደረሰበት ብቻ ያውቀዋልና።

ከሚስተር ቢን በፊት ምን ይሠራ ነበር?

ከ1979 እስከ 1982 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ «ኖት ዘ ናይን ኦክሎክ ኒውስ» በተባለ፣ የዜና ሰዓትን እያስመሰለ በሚቀልድ ፕሮግራም ላይ ከሜል ስሚዝ፣ ከግሪፍ ሪስ ጆንስና ከፓሜላ ስቴፈንሰን ጋር ሠርቷል። በብሪታንያ ቤት ለቤት የታወቀው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው በ1983 የጀመረው «ብላክአደር» ነው። አራት ምዕራፎች፣ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ስድስት ስድስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ምዕራፎቹ በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ በተለያየ ዘመን የሚኖሩ የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ይከተላሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትኪንሰን ከከርቲስ ጋር ጽፎታል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ብዕሩን ለቤን ኤልተን ለቅቆ ትወናው ላይ አተኮረ። የመጨረሻው ምዕራፍ የሚካሄደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነው። በ1989 በተላለፈው የመደምደሚያ ክፍል ካፒቴን ብላክአደርና ጓዶቹ ከዚያ ጉድጓድ ለማምለጥ የሞከሩት ዘዴ ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ወደ ጠላት መትረየስ እንዲሮጡ ይታዘዛሉ። ፊሽካ ይነፋል፤ ይወጣሉ፤ ምስሉ እየዘገየ፣ ድምፁ እየራቀ ይሄድና የጦር ሜዳው ቀስ በቀስ ቀይ አበባ ወደ ሞላበት ጸጥ ያለ መስክ ይለወጣል። ስድስት ክፍል ሙሉ ሲያሥቁን የቆዩ ሰዎች ናቸው። ኮሜዲ ተራ ነገር ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህችን የመጨረሻ ደቂቃ አሳዩት።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ብላክአደር የሚገባውን ያህል አለመታወቁ የሚያስቆጭ ቢሆንም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀልዱ በእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታና በእንግሊዝ ታሪክ ላይ የቆመ ስለሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ግማሹ ይፈስሳል።

ሚስተር ቢን እንዴት ተፈጠረ? «ቢን» ማለትስ ምን ማለት ነው?

ባሕርዩ የተወለደው አትኪንሰን ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ ለተማሪዎች ትርኢት መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን ሲያጣምምና ሲያቃና ነው። ስም ሳይኖረው ለዓመታት በመድረክ ላይ ቆየ። በ1987 በካናዳዋ ሞንትሪያል በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ አዘጋጆቹ ወደ እንግሊዝኛው መድረክ ሊመድቡት ሲሉ፣ እሱ ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚታደሙበት መድረክ ላይ ልቅረብ ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ለአዘጋጆቹ እንግዳ ቢሆንባቸውም ለእሱ ፈተና ነበር፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በዚህ ፍጡር ይሥቃል ወይስ አይሥቅም የሚለውን ለማወቅ ፈለገ። ሰውም ሣቀ።

«ቢን» በእንግሊዝኛ ባቄላ ወይም ቦሎቄን የመሰለ ጥራጥሬ ነው። ስሙ የተቆረጠው ፕሮግራሙ ለመተላለፍ ሲቃረብ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሌሎች የአትክልት ስሞችም ታስበው ነበር፤ ሚስተር አበባ ጎመን ሆኖ ሊቀር ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ጉዳል በደረሰው መክፈቻ ላይ መዘምራን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አድርገው በላቲን የሚያዜሙት ቃልም ትርጉሙ «እነሆ ባቄላ የሆነው ሰው» ማለት ነው። በዚያ የተከበረ ዜማ መካከል ሰውዬው ከሰማይ በወረደ የብርሃን ዓምድ ውስጥ ጠብ ብሎ አስፋልት ላይ ይወድቃል። ይህ መክፈቻ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ቢሆንም፣ ቢን የዚህ ምድር ሥርዓት ያልገባው እንግዳ መሆኑን ገና ሳይጀምር ይነግረናል።

አትኪንሰን ፈረንሳዊውን የፊልም ሰው ዣክ ታቲን እንደ ትልቅ አርአያው ይጠቅሳል። ቢንንም ሲገልጸው በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ሕፃን ነው ይለዋል።

ተከታታዩ ስንት ክፍል አለው?

ዐሥራ አምስት ብቻ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። የመጀመሪያው ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 በብሪታንያው አይቲቪ ጣቢያ ተላለፈ፤ ሥራው እስከ 1995 ድረስ በዓመት ጥቂት ጥቂት ክፍል እየሆነ ቀጠለ። ከመካከላቸው አንደኛው በወቅቱ የወጣው በቪዲዮ ካሴት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1990 በስዊዘርላንድ ሞንትሩ ከተማ የወርቅ ጽጌረዳ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከክፍሎቹ አንዱን ደግሞ በብሪታንያ ብቻ 18.74 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። በሺህ የሚቆጠር ክፍል ያለው የሚመስለን በዩቲዩብ ላይ እየተቆራረጠ ስለሚቀርብና ከ2002 ጀምሮ የካርቱን ተከታታይ ስለተጨመረበት ነው።

በቢን ታሪክ ላይ የተሠሩ ሁለት የሲኒማ ፊልሞችም አሉ፤ የ1997ቱ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሁለተኛው በ2007 ወጣ።

ለምንድን ነው በእኛም አገር ይህን ያህል የተወደደው?

አጭሩ መልስ «ቋንቋ ስለማያስፈልገው» የሚል ነው፤ ትክክልም ነው፤ ግን በቂ አይደለም። ቋንቋ የማያስፈልጋቸው፣ ሆኖም ማንም የማይሥቅባቸው ብዙ ነገሮች አሉና።

እኔ ቢንን መጀመሪያ ያየሁት በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ረዣዥም አግዳሚ በሆነ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ሌላ ጊዜ የሚታየው የውጭ ፊልም ስለነበር፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ «ተርጓሚ» የገባውንም ያልገባውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳ ነበር። ሚስተር ቢን በታየ ቀን ግን ተርጓሚው ሥራ ፈታ፤ እሱም ከእኛ እኩል ሆዱን ይዞ ሣቀ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ክፍል ቤት ውስጥ ከሴት አያቴ ጋር አየሁት። አያቴ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ ፊልም የሚባል ነገርም አትወድም። ቡና እየቆላች ዐይኗን ጣል ስታደርግ ቢን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ስብከት ላይ ተቀምጧል። እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይዘማል፣ ይነቃል፣ ደግሞ ይዘማል፣ በመጨረሻ ሰውነቱ እንዳለ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ በግንባሩ ይደፋል። ኋላም ማንም ሳያየው ከረሜላ ሊበላ ወረቀቱን በጥንቃቄ ሲልጥ የወረቀቱ ድምፅ ያሳጣዋል። መዝሙር ሲጀመር ቃሉን ስለማያውቅ ያጉረመርምና «ሃሌ ሉያ» የምትለዋ ስትደርስ ብቻ ደረቱን ነፍቶ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። አያቴ መቁያውን አስቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች፤ ከዚያም በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን እየጠረገች «ይኼማ የእኛው ሰው ነው!» አለች።

መልሱ እሷ ያለችው ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲያስቀድስ መቋሚያው ላይ ያንቀላፋ ሰው፣ የማያውቀውን መዝሙር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያለፈ ሰው፣ በለቅሶ ቤት ሣቅ አምልጦት በጋቢው አፉን ያፈነ ሰው ሁሉ ቢንን ያውቀዋል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሥርዓቱ ሳይገባን የገባን ለመምሰል የምናደርገው ጭንቀት በደርሃምም በደብረ ታቦርም አንድ ነው፤ በይሉኝታ ያደገ ሕዝብ ደግሞ ያንን ጭንቀት ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ሚስተር ቢን ለልጆች ይሆናል? ተንኮለኛ ነው የሚሉ አሉ።

ተንኮለኛ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ፈተና ላይ ከጎኑ ካለው ሰው ይኮርጃል፤ ባለ ሦስት ጎማዋን ሰማያዊ መኪና ባገኛት ቁጥር ከመንገድ ያስወጣታል፤ የራሱን ጥቅም እንጂ የሌላውን ችግር አያይም። ነገር ግን ክፋቱ የትልቅ ሰው ክፋት ሳይሆን፣ መጫወቻ ከእኩያው እጅ እንደሚነጥቅ የሦስት ዓመት ልጅ ያለ ነው። ብዙ ጊዜም ተንኮሉ ዞሮ ራሱን ይመታዋል።

ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አብረው ቢያዩት የምመክረው የ1992ቱን የገና ክፍል ነው። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ቢን ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ሆድ ውስጥ የገባበትን ሰዓት ሊፈልግ ጭንቅላቱን ከትቶ አልወጣለት ሲል ነው። እኔ ግን ከዚያ የምትበልጥ ሌላ ትዕይንት አለች እላለሁ። የሴት ጓደኛው ኢርማ በጌጣጌጥ ሱቅ መስኮት ላይ ያለውን የቃል ኪዳን ቀለበት በጣቷ ታሳየዋለች። ቢን ገብቶ የሚገዛላት ግን ቀለበቱን ሳይሆን ከአጠገቡ ለማስታወቂያ የተሰቀለውን የሁለት ፍቅረኞች ፎቶግራፍ ነው። የተከፋችውን ኢርማን አይቶ «ረስቼው!» በሚል ሁኔታ ከኪሱ ትንሽ የቀለበት ሣጥን ያወጣል፤ ፊቷ ይበራል፤ ስትከፍተው ውስጡ ፎቶውን መስቀያ ምስማር ነው። እያለቀሰች ትሄዳለች፤ እሱም ምን እንዳጠፋ እስከ መጨረሻው ሳይገባው ከአሻንጉሊት ድቡ ጋር ይቀራል። ልጆች በዚህ ትዕይንት ሣቃቸውን ገታ አድርገው «ለምን አለቀሰች?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ያ ጥያቄ ለወላጅ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

መኪና ይወዳል ይባላል። እውነት ነው?

ከመውደድም ያለፈ ነው። የቢን ትንሿ ሚኒ መኪና፣ አረንጓዴ ገላዋና ጥቁር የሞተር ክዳኗ፣ በሯ ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ቁልፍና ሌባ እንዳይወስዳት ተነቅሎ የሚኬደው መሪዋ እንደ አንድ ተዋናይ የሚቆጠሩ ናቸው። ከገበያ በገዛው ዕቃ መኪናዋን አጭቆ መግቢያ ሲያጣ፣ ጣሪያዋ ላይ ሶፋ ጭኖ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ በገመድና በመወልወያ እንጨት እየነዳ ከተማ መሀል የሚያልፍበትን ትዕይንት ማን ይረሳዋል?

አትኪንሰን ራሱ ከባድ የጭነት መኪና የመንዳት ፈቃድ አለው፤ በውድድርም ይሳተፋል። ማክላረን ኤፍ1 የተባለችውን እጅግ ውድ የስፖርት መኪናውን ሁለት ጊዜ አጋጭቷታል፤ በ2011 በደረሰው ሁለተኛው አደጋ ኢንሹራንስ ለጥገናዋ 910 ሺህ ፓውንድ ከፍሏል። በ2015 መኪናዋን በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጣት፤ ሲገዛት ከከፈለው ብዙ እጥፍ መሆኑ ነው።

አውሮፕላን አብርሮ ቤተሰቡን አድኗል የሚባለው ወሬ እውነት ነው ወይስ ተረት?

እውነት ነው፤ የሆነውም እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው። በ2001 ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ሄዶ ከባሕር ዳርቻው አካባቢ ወደ ናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ የግል አውሮፕላን ሲጓዙ አብራሪው ራሱን ሳተ። አትኪንሰን ከዚያ በፊት አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም፤ ቢሆንም መሪውን ይዞ አውሮፕላኑን በአየር ላይ አቆየው። አብራሪው ነቅቶ ራሱ በሰላም አሳረፋቸው። ስለዚህ «ብቻውን አሳረፈ» የሚለው የተጋነነ ቢሆንም፣ ዋናው ነገር ግን የተፈጸመ ነው።

ስለ ንግግር ነፃነት የተከራከረው እንዴት ነው?

ይህ ከሕይወቱ ብዙ ያልተነገረለት ክፍል ነው። የቶኒ ብሌር መንግሥት ሃይማኖታዊ ጥላቻን ማነሣሣትን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ባቀረበ ጊዜ አትኪንሰን በግልጽ ተቃወመ። አቋሙ ጠንቃቃ ነበር፤ ሰውን በዘሩ መንቀፍ ከንቱ ነገር መሆኑን፣ ሃሳብን መተቸት ግን፣ ያ ሃሳብ ከልብ የታመነ ሃይማኖት ቢሆንም እንኳ፣ መብት መሆኑን ነበር የሚያስረዳው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2006 በፓርላማው በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ መንግሥት በሕጉ ላይ የተደረገውን ማሻሻያ ለማስቀረት ሞክሮ በ283 ለ282፣ በአንድ ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። በዚያ የመጨረሻ ድምፅ ላይ ያልነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው፤ ቀደም ብለው ሄደው ነበርና። ከደርሃሙ ትምህርት ቤት የወጡት ሁለት ልጆች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በ2012 ደግሞ «የሚያስቀይም» ቃል መናገርን ወንጀል የሚያደርገው አንቀጽ እንዲሻሻል የተጀመረውን ዘመቻ ደግፎ ንግግር አደረገ፤ በዓመቱ ያ ቃል ከአንቀጹ እንዲወጣ ተወሰነ። ምላሱ የሚይዘው ሰው፣ ዝነኛ የሆነውም በዝምታ፣ ለመናገር መብት ፓርላማ ድረስ መሟገቱ በእኔ ዘንድ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይልቅ ያስከብረዋል።

ሞቷል የሚባለው ዜና እውነት ነው?

አይደለም። ይህ ሐሰተኛ ወሬ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ በየጊዜው ይነሣል፤ «በመኪና አደጋ ሞተ» የሚለው ደግሞ በብዛት ይመላለሳል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስዎ አብሮት የመጣውን ማስፈንጠሪያ አይክፈቱ፤ ለሌላ ሰውም አይላኩ።

አሁን ምን ይሠራል? ወደ ሚስተር ቢን ይመለሳል?

ከቢን በኋላ ሥራ አልፈታም። በ2003፣ በ2011ና በ2018 ጆኒ ኢንግሊሽ የተባለውን ቀልደኛ ሰላይ ተጫውቷል። በ2016ና በ2017 ደግሞ ሜግሬ የተባለውን ፈረንሳዊ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ በአራት የቴሌቪዥን ፊልሞች ላይ ሲተውን አንዲት ቀልድ አልጨመረበትም። በ2022 በኔትፍሊክስ ከአንዲት ንብ ጋር የሚታገል ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረበ፤ በ2025 የዚያው ሰውዬ ታሪክ ከሕፃን ልጅ ጋር ቀጠለ። በ2013 ለድራማና ለበጎ አድራጎት ባደረገው አስተዋጽኦ ከንግሥቲቱ የክብር ማዕርግ ተሰጥቶታል።

ቢንን በአካል መጫወት ግን እየከበደው መሄዱን አልሸሸገም። ንግግር ያለበት ድራማ ሸክሙን ተዋናዮች ይካፈሉታል፤ በቢን ትዕይንት ውስጥ ግን ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ቅንድብ፣ ጉልበትና ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ ሥራው ጭንቀትና ድካም እንደሚበዛበት በ2021 ተናግሯል። ዕድሜውም ሰባን ተሻግሯል፤ ሕፃን ልጅ የሆነ ሽማግሌ ደግሞ ሣቅን ሳይሆን ኀዘኔታን እንዳያመጣ መስጋቱ ተገቢ ነው።

ዓለም በአንድነት ካየው መካከል የማይረሳው በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ያቀረበው ነው። የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በሰር ሳይመን ራትል መሪነት ስለ ሯጮች የተሠራውን የ«ቻሪዮትስ ኦፍ ፋየር» ፊልም ዝነኛ ዜማ ይጫወታል፤ አትኪንሰን ደግሞ ኪቦርድ አጠገብ ተቀምጦ አንዲትን ኖታ በአንድ ጣት ደጋግሞ እንዲመታ ተመድቧል። ይሰለቸዋል፤ ሰዓቱን ያያል፤ በግራ እጁ ስልኩን ይነካካል፤ ያነጥሳል፤ መሀረቡ ከኋላው ካለው ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ ጣቱን ከኖታዋ ሳያነሣ ለመድረስ ይንጠራራል፤ በመጨረሻም ጣቱ ሳያቆም በሐሳቡ ከፊልሙ ሯጮች ጋር በባሕር ዳርቻ ሲሮጥ እናየዋለን። ያን ምሽት አንዲት ቃል አልተናገረም።

የካርቱኑ ቢን ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ሠዓሊዎቹ የሚከተሉት አትኪንሰን እየተወነ ያሳያቸውን እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ማጉረምረሙንና ማጓራቱን ድምፅ እየሰጠ የሚቀርጸውም ራሱ ነው።